ለባሕር ኃይል ባቡር ምኑ ነው?

አሜሪካ የኖረ ሰው ይህችን ያውቃታል። ሥራ ረፍዶበት እየከነፈ ሳለ ባቡር ማቋረጫ ላይ ይደርሳል። ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ደወሉ ይንጫረራል፣ ዘንጉ ከፊቱ ወርዶ ይዘጋበታል። ከዚያ መቶ ምናምን ፉርጎ እየተንቀራፈፈ ያልፋል። ስልክ ከመጎርጎር ሌላ የሚደረግ ነገር ቢኖር በፉርጎዎቹ ጎን ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው።

እስቲ በሚቀጥለው ጊዜ አንብቡት። እያንዳንዱ ፉርጎ ጎኑ ላይ ጥቂት የላቲን ፊደላትና ቁጥር አለው። እንደ መኪና ታርጋ ነው፤ ፊደላቱ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይናገራሉ። የመጨረሻዋ ፊደል «ኤክስ» ከሆነች ፉርጎው የባቡር ኩባንያ ንብረት አይደለም ማለት ነው። የነዳጅ ድርጅት፣ የእህል ነጋዴ ወይም ፉርጎ አከራይ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ «ዲኦዲኤክስ» የሚል ያጋጥማችኋል። እሱ የአሜሪካ መከላከያ ነው። «ዩኤስኤንኤክስ» ከሆነ ደግሞ ባሕር ኃይሉ ራሱ።

የምድር ጦር ፉርጎ ቢኖረው ማንም አይገረምም። ታንክ በራሱ ሰንሰለት አገር አቋርጦ አይሄድም፤ አስፋልቱንም ራሱንም ይጨርሳል። ግን ባሕር ኃይል? ያን ሁሉ መርከብ ይዞ ባቡር ምን ያደርግለታል?

ጥያቄው የባቡር ወዳጆች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገሩን ስትጎረጉሩት ግን ሌላ ቦታ ያደርሳችኋል። የአሜሪካ ጦር የራሱን ፉርጎና ሎኮሞቲቭ ይዟል፤ ዋናው ሃዲድ ግን የእሱ አይደለም። ረጅሙን መንገድ የሚጎትቱት የግል ኩባንያዎች ናቸው። እኔ እንደሚገባኝ ጦሩ ፉርጎ የሚይዘው አደገኛውን ዕቃ ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ስለማይችል ነው። ጣጣው ደግሞ ሁልጊዜ የሚመጣው የእሱ ንብረት አልቆ የሌላው በሚጀምርበት መስመር ላይ ነው። ሰው የቆሰለውም፣ ክስ የተነሳውም፣ ዛሬ ድረስ ያልተፈታው ጉዳይም እዚያ መስመር ላይ ነው ያለው።

መጀመሪያ ለምን የራሱ እንደሆነ እንይ። አንድ የባቡር ኩባንያ ፉርጎ የሚገዛው ገንዘብ እንዲያመጣለት ነው። ዛሬ እህል ይጭናል፣ ነገ ማዳበሪያ። ሁለት አብራምስ ታንክ በአንድ ጊዜ የሚሸከም ጠፍጣፋ ፉርጎ ግን ሌላ ደንበኛ የለውም። አንዱ ታንክ ብቻውን ከ60 ቶን ያላነሰ ነው። እንዲህ ያለ ፉርጎ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ፣ ጦርነት ሲመጣ በአንድ ሳምንት ውስጥ በመቶዎች ይፈለጋል። የትኛው ነጋዴ ነው ለዚያ ቀን ብሎ ብረት አስቀምጦ የሚጠብቅ? ስለዚህ ጦሩ ራሱ ገዝቶ ያስቀምጣል። ኩባንያዎቹም ሃዲዱን እየጠቀለሉ እንዳይሸጡበት ከ1976 ጀምሮ (ቀናቱም ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ለአገር መከላከያ ያስፈልጋሉ» ብሎ የለያቸው መስመሮች አሉ። ርዝመታቸው ተደምሮ 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እነዚህ ግን የጦሩ ንብረት አይደሉም። ካርታ ላይ የተሰመሩ «አደራ እንዳትነኩብኝ» ናቸው።

ባሕር ኃይሉ ጋ ስንመጣ ምክንያቱ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ፈንጂ ነው። መርከብ ጥይቱን የሚያገኘው ከወደብ ነው። ወደቡ ግን ጥይት አያመርትም፣ ብዙ ጥይትም እንዲያከማች አይፈለግም። ይህን አሜሪካኖች የተማሩት በመብረቅ ነው። ሐምሌ 10 ቀን 1926 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሌክ ዴንማርክ የሚባለው የባሕር ኃይል ጥይት ግምጃ ቤት መብረቅ ወደቀበት። ፍንዳታው ሃያ ያህል ሰው ገደለ፤ በዙሪያው ያለውን ሁሉ አወደመ። ከዚያ በኋላ ነው «ይህን ነገር ሰው ከሌለበት ውሰዱት» የተባለው። በ1930 ኔቫዳ በረሃ ውስጥ ሀውቶርን ላይ አዲስ ግምጃ ቤት ተከፈተ። የባሕር ኃይል ግምጃ ቤት፣ በረሃ ውስጥ! በ1941 ደግሞ ኢንዲያና ጫካ ውስጥ ክሬን የሚባለው ተቆረቆረ። ከየትኛውም ባሕር መቶዎች ኪሎ ሜትር ይርቃል። ባሕር የሌለው የባሕር ኃይል ሲባል እኛ ዘንድ የቆየ ጨዋታ ነው፤ አሜሪካኖቹ ግን ሁለት ውቅያኖስ እያላቸው ሆን ብለው ነው ያደረጉት።

በረሃና ጫካ ውስጥ ያለውን ቦምብ ከመርከብ ጋር የሚያገናኘው ታዲያ ሃዲድ ነው። 

አሁን ወደ ግቢው ውስጥ እንግባ። የጥይት ግምጃ ቤት ካርታ ከላይ ሲታይ እንደ ወንዝ ገባር ነው። አንድ መስመር ይገባል፣ አሥር ይሆናል፣ አሥሩ መቶ ይሆናል። በየጫፉ አፈር የለበሰ የኮንክሪት ጎተራ አለ። አንዳንዱ ቦታ ፉርጎዎች የሚቆሙት በግራና በቀኝ አፈር በተከመረበት ጉድብ ውስጥ ነው፤ እንደ ፈረስ ጋጣ እያንዳንዱ ለብቻው። አንዱ ቢፈነዳ ጎረቤቱን ይዞት እንዳይሄድ ነው። ርቀቱም በግምት አይደለም። የፍንዳታ ኃይል በርቀት እየከሰመ የሚሄድበት ሕግ አለ፤ ፈንጂው ስምንት እጥፍ ሲሆን የሚፈለገው ርቀት እጥፍ ይሆናል። ግምጃ ቤቶቹ ያን ያህል መሬት የሚበሉት ለዚህ ነው።

በዚህ ሁሉ ርቀት መካከል ፉርጎ የሚያመላልሱት ትልልቆቹ የአገር አቋራጭ ሎኮሞቲቮች አይደሉም። ትንንሾች ናቸው። በጣም የታወቀችው ጄነራል ኤሌክትሪክ ከ1940 እስከ 1956 የሠራት 44 ቶን የምትመዝነው ናት። ለምን 44? እዚህ ላይ ትንሽ ወሬ አለች። በ1937 የባቡር ሠራተኞች ማኅበራትና ኩባንያዎቹ ተስማምተው ነበር፤ 90 ሺህ ፓውንድና ከዚያ በላይ የሚመዝን ሎኮሞቲቭ ከሾፌሩ ሌላ ሁለተኛ ሰው ይኑረው ተባለ። 44 የአሜሪካ ቶን 88 ሺህ ፓውንድ ነው። መሐንዲሶቹ ለአንድ ሰው ደሞዝ ሲሉ ሁለት ሺህ ፓውንድ ቀነሱ። ባሕር ኃይሉ ለደሞዙ ብዙም ባይጨነቅም ይህች አጭር፣ ስለታም ኩርባ የምትዞር ሎኮሞቲቭ ለግቢው ተመቸችው፤ ገዛም።

የግቢ ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች ዕድሜያቸው አያልቅም። ዋናው ሃዲድ ላይ የሚወጣ ፉርጎ ከተሠራ 50 ዓመት ሲሞላው፣ ልዩ ፈቃድ ካላገኘ፣ ከአገልግሎት ይወጣል። ግቢ ውስጥ ግን ያ ደንብ አይደርስም። ዋናው መስመር የጣለው አሮጌ ፉርጎ ግቢ ውስጥ ተቀብሎት የሚያኖረው አያጣም። የሚገርመው፣ ይህ ነፃነት ለጦሩ ወጥመድም ነው። ግቢ ውስጥ ያለው ሁሉ ይሠራል ብሎ ያስባል፤ ክተት ሲባል ግን በሩን አልፎ መውጣት የሚችለው ስንቱ ነው? በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን በብዛት የተገዙት ፉርጎዎች ብዙዎቹ አሁን በዚያው ሰሞን ዕድሜያቸውን እየጨረሱ ነው። ባንድ ዘመን የተገዛ ባንድ ዘመን ያረጃል።

ስለ ፍንዳታ ሲወራ ፖርት ቺካጎን መዝለል አይቻልም። ስሙ ያሳስታል፤ ቦታው ቺካጎ ሳይሆን ካሊፎርኒያ ነው፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ምሥራቅ። ሐምሌ 17 ቀን 1944 ሌሊት ሁለት መርከቦች መጠጊያው ላይ ነበሩ። መሐላቸው ባለው መድረክ ላይ ቦምብ የጫኑ 16 ፉርጎዎችና አንድ ሎኮሞቲቭ ቆመዋል። ሠራተኞቹ ከፉርጎ ወደ መርከብ እየጫኑ ነው። ከዚያ ሁሉም ጠፋ። ፉርጎም፣ ሎኮሞቲቭም፣ መድረኩም፣ መርከቡም። 320 ሰው ሞተ። 202ቱ ጥቁሮች ነበሩ፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን ጫኙ ጥቁር፣ አዛዡ ነጭ ነበር። ለጭነቱ የረባ ሥልጠና አልተሰጣቸውም። ከአደጋው የተረፉት ተመልሰው ጫኑ ሲባሉ እምቢ አሉ። 50ዎቹ በአመፅ ተከሰው ተፈረደባቸው፤ ሌሎቹም በቀላል ክስ ተቀጡ። ባሕር ኃይሉ 256ቱን ነፃ ያላቸው አደጋው በደረሰ በ80ኛ ዓመቱ፣ ሐምሌ 17 ቀን 2024 ነው። ያን ጊዜ ማንኛቸውም በሕይወት አልነበሩም።

ይህ ግን ግቢ ውስጥ የደረሰ ነው፤ ባለቤቱም አንድ ነው። እኔን የበለጠ የሚገርመኝ ከ29 ዓመት በኋላ የሆነው ነው።

ሚያዝያ 28 ቀን 1973 ቅዳሜ ጠዋት። ቬትናም የሚሄድ ቦምብ ከዚያው ከኔቫዳው ሀውቶርን ተነስቶ ወደ ፖርት ቺካጎ እየተጓዘ ነበር። 21 የመከላከያ ፉርጎዎች፣ በውስጣቸው ከ7 ሺህ የሚበልጥ ቦምብ። እያንዳንዱ ቦምብ 250 ፓውንድ። የሚጎትተው ሳውዘርን ፓስፊክ የሚባለው የግል ኩባንያ ነው። ባቡሩ የሴራ ኔቫዳን ተራራ ወርዶ ሮዝቪል ከተማ ያለው ሰፊ የፉርጎ መለያ ግቢ ገብቶ ቆመ።

አሁን ወደ አንዱ ፉርጎ ሥር ጎንበስ ብለን እንይ። ባቡር ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን ተይዞ ነው የሚወርደው። የፍሬን ሸራው መንኮራኩሩን ለረጅም ጊዜ ሲጨብጥ ብረቱ ይግላል፣ ፍንጣሪ ይበትናል። ፍንጣሪው ወደ ላይ ይረጫል። ከላይ ያለው ደግሞ የፉርጎው ወለል ነው። ወለሉ እንጨት ነው። በእንጨቱና በመንኮራኩሩ መካከል ፍንጣሪ የሚያግድ ቆርቆሮ የለም። ከእንጨቱ በላይ ደግሞ ቦምብ ተደርድሯል።

ጠዋት ላይ ከአንዱ ፉርጎ ጭስ ታየ። ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያው ፈነዳ። ከዚያ ተራ በተራ፣ ለሰዓታት። ከ21ዱ 18ቱ ፈነዱ። ሰው ሸሽቶ ስለነበር የሞተ የለም፤ እንዴት እንደተረፉ ግን ዛሬም ሲነገር ተአምር ይመስላል። ብዙ ሰው ቆስሏል፣ ብዙ ቤት ጣራና መስኮቱ ረግፏል። በ1997፣ ማለትም ከ24 ዓመት በኋላ፣ ግቢው ሲታደስ ከመሬት ውስጥ ያልፈነዳ ቦምብ ይወጣ ነበር። ያ ሳያንስ ከሮዝቪል አንድ ወር ሳይሞላ፣ ግንቦት 24 ቀን 1973፣ አሪዞና ውስጥ ቤንሰን አጠገብ ሌላ ቦምብ የጫነ ባቡር በተመሳሳይ ሁኔታ ፈነዳ።

እሳቱ በትክክል ከየት እንደተነሳ መቶ በመቶ የሚያረጋግጥ አልተገኘም፤ ማስረጃው ሁሉ በኖ ነበርና። መርማሪዎቹ ግን ጣታቸውን የቀሰሩት ፍሬኑና የእንጨት ወለሉ ላይ ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ ባለቤትነት የሚለው ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፉርጎው የመከላከያ ነው። ጎታቹ፣ ሃዲዱና ግቢው የግል ነው። ቁልቁለቱን ፍሬን ይዞ የወረደው የግል ኩባንያው ሾፌር ነው፤ ወለሉን ያለ ቆርቆሮ የተወው የጦሩ ሰው ነው። ሁለቱ ለየብቻ ሲታዩ ጥፋት አይመስሉም። ፍሬን መያዝ ግዴታ ነው፣ የእንጨት ወለልም ያኔ የተለመደ ነው። ጥፋቱን ያመጣው መገጣጠማቸው ነው። ዛሬ ከባድ ፈንጂ የሚጭን ፉርጎ ከሥሩ የሚቀጣጠል ነገር ተጋልጦ እንዳይታይ፣ ወይም የብረት መከለያ እንዲኖረው ደንቡ ያስገድዳል። አንዲት ቆርቆሮ ናት። ከ1973 በፊትም ዋጋዋ ያው ነበር።

ፖርት ቺካጎ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስሙ ተቀይሮ የኮንኮርድ የባሕር ኃይል የጦር መሣሪያ ጣቢያ ተባለ። ኦክላንድና አካባቢው ያላችሁ የምታውቁት ነው፤ ባርት በሚባለው የከተማ ባቡር ሰሜን ኮንኮርድ ስትወርዱ አጠገባችሁ ያለው ያ ሰፊ ባዶ መሬት ነው። እዚያ በ1987 የሆነው ደግሞ መስመሩን ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል።

የግቢው ባቡር ከጎተራው ወደ መርከቡ ሲሄድ የሕዝብ መንገድ ያቋርጥ ነበር። ያን ዓመት መሣሪያው ወደ መካከለኛው አሜሪካ ይሄዳል ብለው የተቃወሙ ሰዎች እዚያ ማቋረጫ ላይ ይቀመጡ ጀመር። መስከረም 1 ቀን የቬትናም ዘማች የነበረው ብራያን ዊልሰን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሃዲዱ ላይ ሆነ። እንደሚያደርጉት አስቀድመው በደብዳቤ አሳውቀዋል። ሎኮሞቲቩ የባሕር ኃይሉ ነው። ነጂዎቹ የባሕር ኃይሉ ሲቪል ሠራተኞች ናቸው። ፊት ለፊቱ ላይ መንገድ የሚያዩ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 5 ማይል ነበር፤ ሰው በሶምሶማ የሚሮጠውን ያህል ማለት ነው። ባቡሩ ከዚያ በሦስት እጥፍ ያህል ፈጥኖ መጣ። አልቆመም። ተቃዋሚዎች ሊሳፈሩበት ይችላሉ በሚል ነጂዎቹ እንዳይቆሙ ታዘው እንደነበር በኋላ ታወቀ። ጓደኞቹ አመለጡ፤ እሱ አላመለጠም። ሁለት እግሩን አጣ፣ የራስ ቅሉም ተሰበረ።

ዊልሰን ከዚያ ቀን የሚያነሳት አንዲት ነገር አለች። እሱ እንደሚለው የባሕር ኃይሉ አምቡላንስ ደርሶ ነበር፤ ግን የወደቀበት ቦታ የባሕር ኃይሉ መሬት አይደለም ብሎ ሳያነሳው ቀረ። የከተማው አምቡላንስ እስኪመጣ ጓደኞቹ ደሙን በእጃቸው ይዘው ጠበቁ። ባቡሩ የእነሱ፣ ሃዲዱ የእነሱ፣ ሰውየው ግን «የእኛ ክልል አይደለም»። ከአራት ቀን በኋላ በሺዎች የሚቆጠር ሰው መጥቶ የሃዲዱን የተወሰነ ክፍል በእጁ ነቅሎ ጣለው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1990 በ920 ሺህ ዶላር ስምምነት ተዘጋ።

እንዲህ ያለ ነገር ባቡር ላይ ብቻ ነው የሚሆነው። መኪና መንገድ ይቀይራል፣ አውሮፕላን ከራስ በላይ ያልፋል። ሃዲድ ግን የት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል። በዚያው በ1980ዎቹ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ባንጎር የሚባለው የሰርጓጅ መርከብ ጣቢያ አጠገብ ሰላም ወዳዶች ከሃዲዱ ጎን ቤት ይዘው ተቀመጡ። ቴክሳስ ከሚገኘው የፓንቴክስ ፋብሪካ የኑክሌር መሣሪያ የሚያመጣውን ባቡር ሊጠብቁ ነው። ባቡሩ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነበር። ነጭ የተቀባው ፀሐይ እንዳያግለው ነው፤ ውጤቱ ግን አገሩ ሁሉ ለይቶ እንዲያውቀው ሆነ። በየከተማው ያሉ ሰዎች ስልክ እየተደዋወሉ «አሁን በእኛ በኩል አለፈ» ይባባሉ ጀመር። መንግሥት ቀለሙን ቀየረ። አላዋጣም። በ1987 የኑክሌር መሣሪያውን ከባቡር አውርዶ በከባድ መኪና ማጓጓዝ ጀመረ፤ ዛሬም በመኪና ነው። መኪናው ከጎናችሁ ቢያልፍ አታውቁትም። እነዚያ ነጭ ፉርጎዎች፣ ለነገሩ፣ የባሕር ኃይሉ አልነበሩም፤ የኢነርጂ መሥሪያ ቤቱ ነበሩ። እዚህም የፉርጎውና የዕቃው ባለቤት ለየቅል ነው።

ወደ ባንጎር የሚገባው ሃዲድ ግን የባሕር ኃይሉ ነው። ከሼልተን ተነስቶ ወደ ባንጎርና ወደ ብሬመርተን የሚሄደውን ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ መስመር ራሱ ነው በ1940ዎቹ አጋማሽ ያሠራው። ባቡር የሚያንቀሳቅስበት ግን በውል የሚሠራ የግል ኩባንያ ነው። ሲያትል ያለ ሰው አንድ ሰዓት በጀልባ ተሻግሮ ብሬመርተን ቢደርስ ግዙፎቹን መርከቦች ያያል። ሃዲዱንም ያያል፤ ወደ ከተማው በሚያስገባው አውራ ጎዳና ጎን ለጎን ውሃውን ተከትሎ ይሄዳል። ሰው ግን ፎቶ የሚያነሳው መርከቡን ነው።

አሁን የሚያሳስበው ጉዳይ ያለው እዚያ ሃዲድ ላይ ነው። የአሜሪካ ሰርጓጅና አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች የሚሄዱት በኑክሌር ኃይል ነው። ነዳጁ አገልግሎቱን ሲጨርስ ይወጣል። የት ይሄዳል? ከ1957 ጀምሮ መልሱ አንድ ነው፤ በባቡር ወደ አይዳሆ። ከብሬመርተን፣ ከቨርጂኒያው ኖርፎክ፣ ከሜይኑ ፖርትስማውዝ የሚወጣው ሁሉ እዚያው ይከተታል። ከሃዋይ የሚመጣው እንኳ በመርከብ ተሻግሮ መጨረሻው ባቡር ነው። ጉዞው እስካሁን ከ800 ጊዜ በላይ ተደርጓል፤ ጨረር አምልጦ ሰው የተጎዳበት አንድም አጋጣሚ የለም። ይህን ማመስገን ተገቢ ነው።

የሚጫንበትን ነገር ማየት ጥሩ ነው። የቆመ የብረት በርሜል አስቡ፤ ግን ግድግዳው 36 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር የማይዝግ ብረት ነው። ክንዳችሁን ከክርን እስከ እጅ አንጓ ብትለኩት ከዚያ ይበልጣል። ከነነዳጁ ከ150 ቶን በላይ ይመዝናል። ለአውሮፕላን ተሸካሚዎቹ የተሠራው አዲሱ ደግሞ ከ200 ቶን ያልፋል። ይህን የሚሸከም ፉርጎ ገበያ ላይ አይከራይም። የባሕር ኃይሉ ነው። ከኋላው ጠባቂዎች የሚኖሩበት ሌላ ፉርጎ ይከተላል፤ እሱም የባሕር ኃይሉ ነው። ፊት ያለው ሎኮሞቲቭ ብቻ የኩባንያው ነው። ሩሲያም ከዚህ ብዙ አትርቅም፤ አንድሬዬቫ የባሕር ወሽመጥ ለአሥርተ ዓመታት የተጠራቀመውን የሰርጓጅ ነዳጅ ከ2017 ጀምሮ በመርከብ ወደ ሙርማንስክ፣ ከዚያ በልዩ ፉርጎ ወደ ኡራል ታጓጉዛለች። እንግሊዝም ከዴቨንፖርት ወደ ሴላፊልድ በባቡር ትልካለች። የትም ብትሄዱ ሰርጓጁ መጨረሻው ሃዲድ ነው።

አይዳሆ ግን ሁሌ ዝም አላለችም። በጥቅምት 1988 አገረ ገዢው ሴሲል አንድረስ የሌላ ስቴት የኑክሌር ቆሻሻ አላስገባም አለ። ከኮሎራዶ የመጣ አንድ ፉርጎ ብላክፉት ላይ ተገትሮ ቀረ። አጠገቡ አንድ የስቴቱ ፖሊስ ቆሞ የተነሳው ፎቶ በአገሩ ታወቀ። አንድ ፖሊስ፣ አንድ ፉርጎ። ፉርጎው ዞሮ ወደ መጣበት ተመለሰ። ያም ፉርጎ የባሕር ኃይሉ አልነበረም፤ ጣጣው ግን ለእሱም ተረፈ። ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሶ የባሕር ኃይሉ ጭነት ጭምር ታገደ። በ1995 አገረ ገዢው ፊል ባት፣ ባሕር ኃይሉና የኢነርጂ መሥሪያ ቤቱ ተስማሙ። ነዳጁ ይግባ፣ ግን በቁጥር ይገደብ፣ የተጠራቀመውም እስከ 2035 መጀመሪያ ድረስ ከአይዳሆ ይውጣ ተባለ። በ2008 ስምምነቱ ላይ ለባሕር ኃይሉ የሚመች ተጨማሪ አንቀጽ ገባ፤ ከ2035 በኋላም ውስን ነዳጅ እንዲያቆይ ይፈቅድለታል።

ይውጣ ሲባል ወዴት? የታሰበው ኔቫዳ ውስጥ ያለው የዩካ ተራራ ነበር። እሱ ከ2010 ወዲህ ገንዘብ ተነፍጎት ቆሟል። በምትኩ የተመረጠ ቦታ የለም።

ፉርጎው ግን እየተዘጋጀ ነው። የኢነርጂ መሥሪያ ቤቱ «አትላስ» የሚባል ባለ 12 አክስል ፉርጎ አሠርቷል። አብሮት የሚሄደውን የጠባቂዎች ፉርጎ የነደፈው ከባሕር ኃይሉ ጋር ተባብሮ ነው፤ የባሕር ኃይሉም የቀድሞዎቹ እያረጁበት ነውና ይፈልገዋል። በ2023 መስከረም ላይ የኑክሌር ነዳጅ ሳይሆን በዚያ መጠን የተሠራ ክብደት ጭነው ከኮሎራዶ አይዳሆ ደርሰው ተመለሱ። በ2024 አትላስ በግል ኩባንያዎቹ ሃዲድ ላይ እንዲሄድ ፈቃድ አገኘ። ከዓመታት ፍተሻ በኋላ ነው፤ ኩርባው፣ ንቅናቄው፣ ፍሬኑ፣ ሁሉም ተለክቷል። ከሮዝቪል በኋላ ፍሬኑን የማይለካ የለም።

በ50 ዓመቱ ደንብ መሠረት ይህ ፉርጎ እስከ 2070ዎቹ ሃዲድ ላይ መሄድ ይችላል። ለአሁኑ ከብሬመርተን የሚነሳው ጭነት እንደ ድሮው ወደ አይዳሆ ይሄዳል። ሲመለስ በርሜሉ ባዶ ነው።